ደባሌ ያነበበልኝ ፊልም

ደባሌ ዋሸኝ። የፊልሙን መጨረሻ ገልብጦ ነገረኝ፤ ማንበብ አልችልም ነበርና አመንኩት።

ዛሬም ቅቤ የነካው ፈንዲሻ ሲሸተኝ ያ አዳራሽ ይመጣብኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሪችፊልድ በምትባል የሰው አገር ከተማ ከጓደኛዬ ከደባሌ ጋር የተከራየናት አፓርትመንት ሂተሯ ተበላሽቶ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ደባሌ ክሊን ወደሚያደርገው ትንሽ ሲኒማ ቤት በነጻ ያስገባኝ ነበር። የምንሄደው ለሙቀቱ ነው። በረዶ ያረጠበው ጃኬታችን ወንበሩ ላይ ሲደርቅ ይሸታል።

አንድ እሑድ የታየው የፈረንሳዮች ፊልም ነው። ዘፈን የለው፣ ሽጉጥ የለው፣ ቆንጆ ሰው እንኳ የለው። አንድ ሰካራም ሽማግሌና ልጁ፤ አባት ይዋሻል፣ ልጅ ይሰርቀዋል፣ ሁለቱም ሾርባ ሲጠጡ ድምፃቸው ይሰማል። የሰው ቤት በመስኮት የማይ መሰለኝ። ንግግሩ ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ደባሌ ጆሮዬ ሥር በአማርኛ ይነግረኛል።

እኔም በአባቴ ላይ ቂም ይዤ ነበር። ወንድሜን ትምህርት ቤት ልኮ እኔን ወፍጮ ቤት አስቀረኝ። ሁለታችሁም ከተማራችሁ ወፍጮውን ማን ይጠብቃል ነበር ያለው። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት ይደውልልኛል፤ ላንሳ አላንሳ እያልኩ እሟገታለሁ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው የልጁን በር አንኳኳ። ልጁ ከፍቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

"ምን አለው?" አልኩ።

"ሁለተኛ እንዳትመጣ አለው።"

ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የአባቴን ስልክ አላነሳሁም። ስማኝ፣ በፊልም ላመካኝ አይደለም፤ ስልኩን ያላነሳው እጅ የራሴ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ሌክ ስትሪት አካባቢ ባለ የአዋቂዎች ክላስ ነው። ቀን ቫን ድራይቭ አደርጋለሁ፣ ሲመሽ እማራለሁ። ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም ብዬ ነው የገባሁት። ዘንድሮ በረዶው ሲጀምር ያን ፊልም ፈልጌ አገኘሁት። በየመስመሩ ፖዝ እያደረግሁ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልጁ በሩን ከፍቶ ያለው እንዲህ ነበር፤ "ይቅር አላልኩህም። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ግባ።"

ደባሌን ስኔሊንግ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት አገኘሁትና ጠየቅሁት። ጥርሱን እየጎረጎረ ሳቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ የኔን ቴክስት ወር ሳትመልስ ትቀርና የፊልም ነገር አሥራ አራት ዓመት ትይዛለህ?" ከዚያ ሳቁን ተወ። "በአባትህ ነደህ ነበር። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።"

እውነቱን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። ራሱ አነሳው፤ ድምፁ ቀጥኗል።

"ማነው?"

"ወፍጮ ቤት ያስቀረኸው።"

ስሜን ጠራ።

"አባባ፣ ይቅር አላልኩህም" አልኩት። "እራት በላህ?"

"ሽሮ አለ። ብቻዬን ስሆን አልወርድ ብሎኝ ተውኩት።"

"ስልኩን ሳትዘጋ ብላ።"

ሳህኑን ሲስብ ሰማሁ። ሲያላምጥ እየሰማሁ፣ የመኪናዬ መስታወት በትንፋሼ እስኪሸፈን ቆየሁ። እኔ ጋ ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ ጧት ነበር።