በሳህን የተከደኑ አራት ብርጭቆዎች

ባለፈው እሁድ የአክስቴን ልጅ ኢዮብን ልጠይቅ ገርጂ ሄጄ ነበር። ኢምፔሪያል ጋ ከታክሲ ወርጄ ቀሪውን መንገድ በእግሬ አዘገምኩ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር አስፋልቱ ዳር ውኃ አቁሯል። ቤት ስደርስ ኢዮብ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ኳስ ያያል፤ በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ማሂ ናት። ውኃ ልጠጣ ማቀዝቀዣውን ስከፍት መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ስድስት ጠርሙሶች ተደርድረው አየሁ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ የቀይ ሥር ቀለም ያለው። እያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ተለጥፏል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የአባዬ ነው። ነገ የጁስ ጾም ይጀምራል። ሰባት ቀን ምግብ የለም፣ ጁስ ብቻ። ቦርጩን አላየሽውም እንዴ ሰኒዬ?»

«ስኳሩስ?»

«ስኳሩ እንዲወርድለት ነው እኮ!»

ማቀዝቀዣውን ዘጋሁት። እጄ ግን እጀታው ላይ ቀረ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ከደብረ ብርሃን ስመጣ የተቀበሉኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ስማቸው አስካለ ነው፣ እኔ ግን እቴቴ ነበር የምላቸው። ቤታቸው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ፣ ግቢው የኮክ ዛፍ ያለበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዛሬ ገርጂ የሚባለው ሁሉ እርሻ ነው፤ በመስከረም የጤፉ ሽታ እስከ እኛ ድረስ ይመጣል። ተመርቄ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደብዳቤና ሪፖርት እተረጉም ጀመር። ሥራው ይስማማኝ ነበር፤ ወረቀት መልስ አይጠብቅም። ዓይን አፋርነቴ ለከት አልነበረውም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ቀን ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ። ሌላ ሰው ሲወርድ ወርጄ፣ የመጣሁበትን በእግሬ እመለሳለሁ።

እቴቴ የእኔ ተቃራኒ ነበሩ። ግዙፍ፣ ሳቃቸው ከበር የሚሰማ። እልልታቸውማ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ሠርግ ቢሆን ልደት፣ እሳቸው እልል ሳይሉ ጉዳዩ እንዳለቀ አይቆጠርም። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ኢዮብ ነው፤ እሱም ምህንድስና ሊማር ሶቭየት ኅብረት ከሄደ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ሰገነት ላይ ቆመው፣ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ እስኪገባ እያዩ ሸኙት። በዚያ ዘመን ሸኚም ተቀባይም ከዚያ ሰገነት ላይ ሆኖ የሚወጣ የሚወርደውን በዓይኑ ያያል። ኢዮብ በመጪው ሐምሌ ጨርሶ ሊመለስ ነው። እቴቴ ግን ጉልበታቸው ተይዟል፤ ሦስት ደረጃ ወጥተው ቆመው ይተነፍሳሉ። ስኳርም ነበረባቸው፣ ጠዋት ጠዋት ኪኒን ይውጣሉ።

«አየሽ ጉድ» ይሉኝ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አገር ምድሩ በስኳር እጦት ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ፣ እኔ በስኳር ብዛት ታመምኩ። ቀበሌው ሰምቶ እንዳይወርሰኝ!»

ሐኪሙ ውፍረቱ ካልቀነሰ ጉልበቱም ስኳሩም አይሻልም ብሏቸው ነበር። እሳቸው የሚያስቡት ግን ያንን ሰገነት ብቻ ነው። «ልጄ ከአውሮፕላን ሲወርድ ቀና ብሎ ያየኛል። ታች በር ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጬ አልጠብቀውም» አሉ።

መጽሐፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን የነበሩ ፈረንጆች አገር ለቀው ሲሄዱ አንድ ካርቶን መጻሕፍት ለዘበኛቸው ትተው፣ እሱም እኔ እንደማነብ ስለሚያውቅ ሰጠኝ። ከመካከላቸው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በፍራፍሬና በአትክልት ጭማቂ ብቻ እየጾሙ ስለ መቅጠንና ጤናን ስለ መመለስ የሚናገር መጽሐፍ ነበር። ገረመኝና ለእቴቴ ነገርኳቸው።

«ፈረንጅም ይጾማል እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ተርጉሚልኝ እስቲ።»

በመስመር ደብተር ላይ፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ሰነድ፣ አንድም ቃል ሳልዘል ተረጎምኩት። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል እንዳይሞክረው ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ማታ ሳነብላቸው እዚያ ላይ ስደርስ እቴቴ እጃቸውን አነሡ።

«እንግዲያማ ሐኪሙን ጠይቀሽልኝ ነይ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ለኔ ቢነግረኝ አይገባኝም።»

ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ክሊኒኩ ተጨናንቋል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ከሐኪሙ ሌላ አንዲት ነርስና ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል፤ አራቱም አዩኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ላወጣው አፈርኩ። ያ ሁሉ ገጽ፣ ሰባት ቀን፣ አሥራ አራት ቀን፣ ኪኒን፣ ጭማቂ... ከዚያ ሁሉ ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው፤

«ፍራፍሬ ይጎዳቸዋል?»

«በልኩ ከሆነ ምን ይጎዳል» አለ ሐኪሙ፣ ሌላ ካርድ እየሳበ።

አመስግኜ ወጣሁ። እቴቴ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። «ምን አለ?»

«ደህና ነው አሉ» አልኳቸው።

«ተመስገን!»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጀመሩ፤ መጽሐፉ ከሚለው ቀን አልፈው ጾሙን በሙሉ ሊዘልቁበት አሰቡ። ጾሙ ውስጥ መሆኑ ለሁለታችንም የተመቸ መሰለን፤ ጭማቂ ቅቤም ሥጋም የለበትም። የጁስ መፍጫ ማን ኖሮት! ካሮቱንና ቀይ ሥሩን በቆርቆሮ መፈቅፈቂያ እፈቀፍቀውና በነጭ ሻሽ እጨምቀዋለሁ፤ ጥፍሬ እስከ ፋሲካ እንደቀላ ቀረ። ብርቱካኑን በብርጭቆ መጭመቂያ። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አራት ብርጭቆ ሞልቼ፣ ዝንብ እንዳይገባባቸው በሻይ ሳህን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ አራቱም ባዶ ናቸው።

በእርግጥም ቀጠኑ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንሸራተተ፤ መቀነታቸው አንድ ዙር ጨመረ። ለኢዮብ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው መሠረተ ትምህርት ገብተው ስማቸውን መጻፍ ስለተማሩ፣ ከታች በትልልቅ ፊደል «አስካለ» ብለው ይፈርማሉ፤ «ለ» ሁልጊዜ ወደ ጎን ታዘነብላለች። በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ አጻፉኝ፤ «ልጄ፣ እናትህ እንደ ልጃገረድ ቀጥናለች። ሰገነት ላይ ወፍራም ሴት እንዳትፈልግ። ነጭ ነጠላ የለበሰችውን ቀጭን ሴት እይ።»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ራሴን አሞኝ ከሥራ በእኩለ ቀን ተመለስኩ። አራቱም ብርጭቆዎች እንደ ከደንኳቸው አሉ። እቴቴ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

«እቴቴ፣ አልጠጡም?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጠጣለሁ።»

«መጽሐፉ እኮ በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚለው...»

«መጽሐፉ የፈረንጅ ነው፣ ጾሙ የኔ ነው። ብርቱካንና ፓፓያ ከጠዋት ጀምሮ እየጠጣሁ ጾምኩ ልበል? ይሄማ ድግስ ነው! እግዜር ይታዘበኛል።»

በሌላው ዓመት ቢሆን፣ ታማሚ ስለሆኑ የንስሐ አባታቸው ጠዋት እህል እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸው ነበር። ቆሎም ቂጣም እየቀመሱ ነው ጾሙን የሚያሳልፉት። ጭማቂው ግን ጣፈጣቸው፤ ስለጣፈጣቸውም አፈሩ። እፍረቱን ለመካስ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳይቀምሱ መዋል ጀመሩ። ኪኒኑን ጠዋት ይውጡታል፤ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ይላሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ማታ አየው የነበረው ባዶ ብርጭቆ ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተጨለጠ ነው።

መናገር ነበረብኝ። «ሐኪሙን የጠየቅኩት ይሄን አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ጾምዎን ይግደፉ ብሎ ለታላቅ መናገር ድፍረት መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ መዋሸቴ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። «እሺ» አልኩና ሄጄ ተኛሁ። ዛሬም ድረስ፣ ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን፣ «እሺ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ያ ማክሰኞ ትዝ ይለኛል።

በተከተለው ሳምንት አርብ ቀን መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለልኝ። እቴቴ ግቢ ውስጥ ወድቀው፣ ጎረቤት ያገኛቸው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ አይታወቅም። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ምን ሲበሉ እንደነበር ጠየቀችኝ። ያን ቀን ሁሉንም ተናገርኩ፤ መጽሐፉን፣ ሰዓቱን፣ ኪኒኑን። ሳይርበተበት ነው አፌ የተናገረው።

«በዚህ ኪኒን ላይ?» አለች።

ስኳራቸው ወርዶ ብዙ ቆይቷል። አልነቁም። በሦስተኛው ቀን እሁድ ዐረፉ። ልብስ ልወስድ ቤት ስመለስ የአርቡ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ብርቱካኑ ወደ ታች ዘቅጦ፣ ከላይ ንጹሕ ውኃ ቀርቷል።

ከቀብር በኋላ አጎታችን ጋሽ ተፈራ ዘመድ ሰብስበው ተናገሩ። «ልጁ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነው። ሰው አገር ብቻውን መርዶ አይረዳም። መጥቶ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በወጉ ይረዳል።» ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰናይት፣ ደብዳቤው እንዳይቋረጥ።»

እንደገና «እሺ» አልኩ። ሦስት ደብዳቤ በእሳቸው ስም ጻፍኩ። ጤንነታቸውን፣ የኮኩን ማፍራት፣ የዝናቡን መምጣት። መጨረሻ ላይ «አስካለ» ብዬ ፈረምኩ፤ «ለ»ን ወደ ጎን አዘነበልኳት። ኢዮብ ለመጨረሻው ሲመልስ፣ «ሰገነቱ ላይ ቀጭኗን ሴት እፈልጋለሁ፤ እንዳትቀሪ» አለ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው የመጣው። ጠዋቱን ሲያካፋ ነበር። እንዳይጠረጥር ተብሎ ማናችንም ጥቁር አልለበስንም። ሽማግሌዎቹ ታች በር ላይ ቆሙ፤ እኔ ግን ደረጃውን ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ሰው እዚያ መቆም ያለበት መስሎኝ ነው። ብርዱን ለመከላከል ነጠላዬን ከነራሴ ተከናንቤያለሁ፤ ምን እንደምመስል አላሰብኩም።

የአውሮፕላኑ በር ተከፈተ። ረጅም ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ እንደ ሕፃን ማውለብለብ ጀመረ።

ለማን እንደሚያውለበልብ ያወቅኩት ያኔ ነው። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ማውረድ እችል ነበር። እጄን አነሣሁና መለስኩለት።

ታች ሲወጣ «እማዬስ?» ሲል ሰማሁት። «ደክሟት ቀድማ ወደ ቤት ሄደች» አሉት ጋሽ ተፈራ። በዚያ ምሽት እሳቸው ቤት ምክንያት ፈጥረው አሳደሩት፤ ማለዳ ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ተረዳ። እኔ ስለ መጽሐፉም፣ ስለ ክሊኒኩም፣ ስለ ሰገነቱም አልነገርኩትም። ይኸው አርጅተናል።

ባለፈው እሁድ ግን አረንጓዴዋን ጠርሙስ ይዤ ሳሎን ገባሁና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ማሂ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከመጽሐፉ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስጨርስ ስለ ነጠላው ተናገርኩ። «ያን ቀን ያውለበለብኩልህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ኢዮብ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«የመጽሐፉን አላውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሰገነቱን ግን አውቄ ነበር።»

«እንዴት?»

«እማዬ ብትሆን እልል ትል ነበር፤ አገሩ ሁሉ ይሰማት ነበር። ያቺ ሴት ዝም አለች። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ እናቴ እንደሌለች አወቅሁ። ታች የነገሩኝን ሁሉ ያመንኩ መስዬ ነው የሰማሁት።»

አልተቆጣኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። ማሂ ጠርሙሶቹን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠቻቸው። እኔ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ያልኩት በጣም ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞሮ አየኝ።

ነገ የኢዮብ የሐኪም ቀጠሮ ነው። አብሬው እሄዳለሁ ብያለሁ። የሚጠየቀውን በሙሉ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ስለሚውጠው የስኳር ኪኒን፣ ስለ ጭማቂው፣ መጪው ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት ምን መቅመስ እንዳለበት። ሥሩን በቀይ አስምሬያለሁ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አይደለም፤ በእጄ ይዤው ነው የምገባው።