ለአስኮ የመረቅኩት ልጄ ዝዋይ ላይ

ይህ ነገር ያገኘኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ብዙ ክፉ ነገር አይቼ ረስቻለሁ፤ ይህንን ግን መርሳት አቃተኝ። ያታለሉኝ የማምናቸው ሰዎች ናቸውና። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢጎረብጥ ይቅር በሉኝ።

የምኖረው ኮልፌ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ከኔ ጋር የያዘው፣ መርካቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሠራው የበኩር ልጄ ከድር ነው። ጎረቤቴ ዘይነብ እንደ እህቴ ነበረች። ቤቷ ሳላንኳኳ ነው የምገባው። ባሏ ሸምሱ በጭነት መኪና ከዝዋይ በኩል ሽንኩርት ያመጣል።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ሸምሱ ከድርንና የሰፈር ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ "ክረምቱ ይውጣ እንጂ፣ ጥቅምት ላይ ዝዋይ ወስጄ ዓሣ አስጠምዳችኋለሁ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ የዘይነብ ቤት ወሬ ሁሉ ዓሣ ሆነ። ገመዱን ማን ያምጣ፣ ዳቦውን ማን ይያዝ፣ ታንኳ ከማን እንከራይ። ከልጆቹ አንዱም ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዋናም አይችሉም።

ሸምሱ ደግሞ ቀልደኛ ነው። "ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ታንኳውን እንደ ቆሎ ነው የሚቆላው" እያለ ያስቃቸዋል። እነሱ ሲስቁ እኔ አባቴን አስባለሁ። አባቴን የወሰደው ክረምት የሞላ ወንዝ ነው፤ ከገበያ ሲመለስ። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። ይህንን ለዘይነብ ስንት ጊዜ አልቅሼ ነግሬያታለሁ።

ከድርን ጠርቼ፣ "ዝዋይ ብትሄድ ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ!" አልኩት። ደነገጠ።

"እሺ እማዬ፣ ቀርቷል" አለኝ።

ዘይነብም፣ "አንቺ ደግሞ ልጅሽን እንደ እንቁላል ጭድ ውስጥ አስቀምጪው!" ብላ ሳቀችብኝና፣ "በይ አይዞሽ፣ ሸምሱን እኔ እነግረዋለሁ" አለች። እጇን ስሜ አመሰገንኳት።

በዚያው ሰሞን አንድ የተቀዳደደ መረብ ይዛልኝ መጣች። "ለላሚቱ ጭድ መጫኛ ነው፤ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ጠግኚልኝ" አለች። ዓይኑ ለጭድ አልጠበበም ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ "ጭዱ ደቃቅ ነው" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩላት።

ጥቅምት ገባ። አንድ ዓርብ ከድር ከጁምዓ መልስ መጣና፣ "አስኮ አክስቴ ቤቷን ልታስመርግ ነው። ጭቃ ላግዛት፤ እዚያው አድራለሁ" አለኝ። ክረምት ያበላሸውን ግድግዳ ጥቅምት ላይ መምረግ ያለ ነው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር? ጉልበቴን ስሞ "መርቂኝ" አለ። እኛ ቤት ልጅ ሳይመረቅ ወጥቶ አያድርም። "አላህ የአስኮን መንገድ ይባርክልህ፤ ከመኪና ይጠብቅህ፤ ጭቃው አያንሸራትትህ" ብዬ መረቅኩት። ዘይነብ በሩ ላይ ቆማ "አሚን" አለች።

በማግስቱ ቀትር ላይ አክስቱ ሩቅያ ራሷ ከአስኮ ከች አለች።

"ምርጊቱን ለማን ጥለሽ መጣሽ?" አልኳት።

"የምን ምርጊት?"

"ከድር አንቺ ጋ አይደለም እንዴ ያደረው?"

"ከድርን? ያየሁት በኢድ ነው! ቤቴም አምና ተመርጎ ተለስኖ የለ እንዴ? ምን ሆነሻል አንቺ?"

ሩቅያን ትቻት ዘይነብ ቤት ገባሁ። ልብስ እያጠበች ነበር።

"ልጄ የት ነው?"

"አስኮ ነዋ።"

"ወላሂ በይ።"

"ጃንሆይ ይሙት፣ አስኮ ነው!"

"ጃንሆይን ተያቸው። ወላሂ በይ!"

የሳሙናውን አረፋ ከእጇ ታራግፍ ጀመር።

"ምን ላድርግ፣ የከድር እናት?" አለች በመጨረሻ። "ልጁ እናቴ ሳትመርቀኝ ንቅንቅ አልልም ብሎ አስቸገረ። አንቺ ደግሞ ለውሃ አትመርቂም። አስኮ ነው የምሄደው በላት ያልኩት እኔ ነኝ። ሳታውቂው ደርሶ ይመጣል ብዬ እኮ ነው።"

"መረቡስ?"

አንገቷን ደፋች።

ከቤቴ ዕቃ ብትሰርቅ ይቅር እላት ነበር። የሰረቀችኝ ግን ምርቃቴን ነው። ያውም በገዛ እጄ የጠገንኩትን መረብ ልጄን አሸክማ።

ወደ ግቢዬ ወጣሁ። ያን ቀን ኮልፌም ነፋስ ነበር፤ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ቀትር አልፏል፤ ሸምሱ የሚቀልድበት የነፋስ ሰዓት ነው። ምርቃቴ አስኮ፣ ልጄ ውሃ ላይ። እንደገና ልመርቀው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ወዴት?

"ሩቅያ፣ ዝዋይ በየት በኩል ነው?"

እሷም አታውቅም። ሁለታችን በአራቱም ማዕዘን እየዞርን ዱዓ አደረግን። ከአጥሩ ወዲያ ዘይነብ ስታለቅስ ይሰማኛል። ዝዋይ በየት በኩል እንደሆነ እሷ ታውቃለች። አልጠየቅኳትም።

ከድር እሑድ ከዓስር ሶላት በኋላ ገባ። መዳፉ ተልጧል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ነፋሱ መሐል ሐይቅ ላይ ይዟቸው ታንኳው ውሃ ሞላ። መረቡን ቆርጠው ጥለው፣ ወደ ሸምበቆው ተገፍተው ነው የተረፉት። እግሬ ላይ ወደቀ።

"እማዬ፣ ያወጣኝ ምርቃትሽ ነው።"

"የኔ ምርቃት አስኮ ነው የዋለው። አንተን ያወጣህ አላህ ነው" አልኩት።

ዘይነብ ሽማግሌ ልካ "ዐውፍ፣ ይቅር ብያለሁ" አስባለችኝ። በአፌ ብያለሁ። ሰፈሩም "ልጅሽ በደህና ተመልሶ የለም ወይ? ምን ታካብጃለሽ?" ይለኛል። ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ። ዘይነብን ግን ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ማለት አፌ እንቢ አለ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደሩ?" እላታለሁ፤ እንደ ባዳ።

ከድር ዛሬም ወደ ሥራ ሲወጣ ጉልበቴን ይስማል። እናት ነኝ፣ እመርቀዋለሁ። ብቻ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። "በምድርም በውሃም፣ በነገርከኝም ባልነገርከኝም መንገድ አላህ ይጠብቅህ" እለዋለሁ። ቀና ብሎ አያየኝም። "አሚን" ብሎ ይወጣል።