ውሃ አለ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ታፔላ ጻፊዋ ግን አለመርሳት ብቻ አልበቃትም። ቂሟን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ አብልታና አጠጥታ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱን አጥባ ነው ያሳደገችው። ያጠበችበት ውሃ ራሱ ከግቢው ቧንቧ እስከ አራተኛ ፎቅ በጀሪካን ተሸክማ ያወጣችው ነበር። ነገሩም የተጀመረው ከዚሁ ውሃ ነው።

ከባሏ ጋር የምትኖርበት ሕንፃ ባለ አምስት ፎቅ ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እሷ ደግሞ ከሁለት መንገድ ማዶ ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ቆርቆሮና ጨርቅ ላይ ስትጽፍ ትውላለች። ዳቦ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጎማ ጥገና፣ «ውሻ አለ ተጠንቀቁ»። ማተሚያ ቤት በየጥጉ በበዛበት ዘመን እንኳ የእጅ ጽሑፍ ይሻለናል የሚሉ ደንበኞች አላጣችም፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲልማ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። ማታ እጇ ቲነር ቲነር እየሸተተ ትገባለች። ባልና ሚስቱ በወጉ የሚነጋገሩት ደረጃ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲወርድ፣ እሷ ሙሉውን ይዛ ስትወጣ፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ።

«ሽንኩርት አልቋል።»

«እናትሽ ደውለው ነበር።»

«የቤቱን ቁልፍ የት አደረግኸው?»

ትዳራቸው እንዲህ እየተንጠለጠለ የሚመራ ነበር፤ ደግሞም ደህና ትዳር ነበር።

ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ምድር ቤት ባለች ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሏ ቁልፍ ደግሞ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያ ከጨበጡ ስለማይለቁ ነዋሪው በሌሉበት «ጋሽ ማይክ» ይላቸዋል። እሳቸው የሚኖሩት ምድር ቤት ነው፤ ለእሳቸው ቧንቧ ፓምፕ አያስፈልገውም። እንዲያውም ፓምፑ ሲነሳ የእሳቸው ውሃ ይቀጥናል። ስለዚህ ጠዋት ይከፍቱታል፣ ገና ሳይሞቅ «ሞተሩ እንዳይቃጠል» ብለው ይዘጉታል። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ውሃው የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ታፔላ ጻፊዋ ለዚህ ሁሉ ስብሰባ ሄዳ አታውቅም። «ስብሰባ ለሥራ ፈት ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ትል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጀሪካኑ እጀታ ተገነጠለ። ውሃው ደረጃ ለደረጃ እየዘለለ ወርዶ የጋሽ ማይክ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ማይክ ብቅ ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ደረጃ ላይ ውሃ ያፈሰሰ ይወለውላል! ደንብ ነው!» አሉ።

ወለወለች። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ በራቸው ድረስ ተንበርክካ ወለወለች። እሳቸው የበራቸው ደፍ ላይ ቆመው አዩዋት፤ ስትጨርስ ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ ለካ የዚያን ቀን የነዋሪዎች ስብሰባ ኖሯል። እሷም ጉልበቷ እንደራሰ ተከትላቸው ገባች። እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ደንቡ ስለ መወልወል የሚለውን ሰማሁ። ስለ ውሃስ ምን ይላል? እስቲ ይነበብልን» አለች።

ጋሽ ማይክ ድምፅ ማጉያውን አስጠጉ። በቀለም የተዥጎረጎሩ እጆቿን አዩና ፈገግ አሉ።

«አንቺ ፊደል መቀባት እንጂ ማንበብ መች ታውቂያለሽ? ለማን ብዬ ላንብብ?»

ራሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ አዳራሹም ሳቀ። ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲመለስ ከኋላ ወንበር አንድ የምታውቀው ሳቅ ሰማች። ዞር ስትል ባሏ ነው። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ የሾፌር ጃኬቱን እንደለበሰ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። ጋሽ ማይክ ቆዳዋን ነበር የወጉት፤ ባሏ ግን አጥንቷን አገኘው።

ማታ ቤት ውስጥ እንዲህ ተባባሉ።

«ምን ላድርግ የኔ እመቤት፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ ሳቄ አመለጠኝ።»

«አመለጠህ? እንግዲያው ሄደህ ፈልገው።»

«ይቅር በይኝ እንጂ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።»

«እኔ መች ጸሎት ላይ ነኝ?»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቤቱ አንድ ሕግ ወጣለት፤ የሳቀ ይሸከማል። ውሃ ማውጣት ሙሉ በሙሉ የሾፌሩ ሥራ ሆነ። ወገቡን ይዞ «ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክሜ ነው የዋልኩት» ቢል፣ «የተሸከመው አውቶቡሱ ነው» ትለዋለች። ጨካኝ ናት የሚል ይበል። እኔ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጉልበቷ ረጥቦ የቆመችውን ሴት አይቻታለሁና አልፈርድባትም።

ለራሷም አንድ ነገር ማለች። ያ ሳቅ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ላይ ይመለሳል፤ የፓምፑም ቁልፍ ከዚያ ኪስ ይወጣል። ሁለቱን ሳታይ አትሞትም።

ስብሰባ መቅረት አቆመች። ቀለሙ እስኪደርቅ እየጠበቀች ደንቡን አነበበች፤ አምስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት፣ ሁሉም «እማማ አምስተኛ» የሚሏቸው አሮጊት፣ መሳቢያቸው ውስጥ አንጥፈውት ነበርና አውጥተው ሰጧት። ስውር ነገር አልነበረበትም። ውሃ ለሁሉም ፎቅ በተራ ይላል፤ ሊቀመንበር በነዋሪው ድምፅ ይመረጣል ይላል፤ እንዲህ ያለ ማንም የሚገምተው ነገር ነው። ማንም አንብቦት አያውቅም እንጂ። ከሥራ ስትመለስ በየፎቁ በር ታንኳኳ ጀመር። መጀመሪያ ያስወጣት ቂም ነው። ደረጃው ግን ሌላም ነገር አሳያት። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እናት መንታዎቿን በአንድ ሳፋ ውሃ ተራ በተራ ታጥባለች፤ ሁለተኛው ልጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውና የደፈረሰው ይደርሰዋል። እማማ አምስተኛ ፊታቸውን በታጠቡበት ውሃ ዕቃ ያጥባሉ፣ በዚያው መልሰው ወለል። «ከዚህ ወዲያ ምን እናድርገው፣ ሻይ አናፈላበት!» ብለው ሲስቁ እሷ መሳቅ አቃታት። የተቃጠለ የደረጃ አምፖል አስቀየረች፤ ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን ተከራክራ አስተካከለች። ለሕዝብ ብዬ ነው ብላ አታውቅም። ለሕዝብም ነበር፤ ግን ከሕዝቡ በፊት ለራሷ አንጀት ነበር።

የሊቀመንበር ምርጫ የሚካሄድበት ስብሰባ ሲቃረብ፣ ሱቋ ውስጥ ሦስት ሥራ ተደራርቦባት ስትራወጥ፣ በሩ ጨለም አለ። ጋሽ ማይክ ናቸው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ! በርቺ፣ በርቺ!»

ረስተዋታል። ያን ቀን ያሉትን ጭራሽ ረስተውታል። ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመችው። ያሉትን አስታውሰው ቢመጡ፣ ትንሽ ቢያፍሩ፣ ምናልባት ልቧ ይራራ ነበር።

«ለስብሰባው አዳራሽ የሚሰቀል ሰፊ ጨርቅ እፈልጋለሁ። ፊቴን በትልቁ ሳዪልኝ። ከሥሩ ‹ውሃ አለ› ብለሽ ጻፊ። በቃ።»

«‹ለሁሉም ፎቅ› የሚል ብንጨምርበትስ ጋሼ?»

«ኧረ አይሆንም! ሰው ረጅም ነገር አያነብም። የነገርኩሽን ብቻ ቀቢ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

«እሺ ጋሼ። ከቃልዎ አልወጣም» አለች።

ከወጡ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ፊደል ስትጽፍ ኖራለች፤ «አለ» የምትለዋ ቃል እንዴት ያለች ከዳተኛ እንደሆነች ታውቃለች። «ለ» ጠብቃ ስትነበብ ውሃ መኖሩን ትመሰክራለች። ላልታ ስትነበብ ግን አንድ ሰው «ውሃ» ብሎ መናገሩን ብቻ ነው የምታወራው። በተለይ ከአንድ ሰው ፊት ሥር ከተጻፈች። ደግሞም ለትልቅ ሰው «አሉ» ነው የሚባለው። «አለ» ከተባለማ አንቱታው አብሮ ተገፈፈ ማለት ነው። ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። ሥዕሉን ስትሠራ ብቻ የጋሽ ማይክን አፍ ከፈት አደረገችው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ።

ማታ ባሏ ጨርቁን ሊያግዛት መጣ። ዘረጋችው። ቀና ብሎ አየ፣ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አለ?» አላት።

«ውሃ አለ።»

ሾፌሩ ባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ዘፍ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። እሷ ግን ጣቷን ወደ ፊቱ ቀሰረች።

«እዚህ አትሳቅ። ዕዳህ አዳራሹ ውስጥ ነው። እዚያ ሄደህ ሳቅልኝ።»

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ማይክ ከግዙፍ ፊታቸው ሥር ቆመው ስለ ሠሩት ሁሉ ተናገሩ፤ ተናግረው ሲያበቁ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ከኋላ ወንበር ሾፌሩ ተነሣ። ጃኬቱን ለብሷል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

«አንዲት ጥያቄ አለችኝ ጋሼ። ይቺ ከፊትዎ ሥር ያለችው ጽሑፍ ጠብቃ ነው የምትነበበው ላልታ?»

«ምን ማለትህ ነው? ውሃ አለ ነው የምትለው!»

«አይ፣ እርስዎ ዘንድማ ትጠብቃለች። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ እየላላች ተቸገርን እንጂ።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ። የተከፈተውን አፍ አየ። ከዚያ የእማማ አምስተኛ ድምፅ ተሰማ።

«እውነቱን ነው! ውሃ አለ! አለ እንጂ መች ሰጠ?»

አዳራሹ ፈነዳ። ያ ሳቅ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ የተመለሰው ያው ሳቅ። ልጆች ሳይቀሩ ወደ ሥዕሉ እየጠቆሙ «ምን አለ?» «ውሃ አለ!» ይባባላሉ። ሾፌሩ የሁሉንም ሳቅ የሚበልጥ ሳቅ ለቀቀ፤ ዕዳውን ከነወለዱ ከፈለ። ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ይላል። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱታውን ትቼዋለሁ። ታፔላ ጻፊዋ አልሳቀችም። ወደ ፊት ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለችው። ለምን እንደሰጣት እሱም አያውቅም።

«እንደሚታወቀው ሥራዬ መቀባት ነው» አለች። «ግን ማንበብም ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።» ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። በዚያው ስብሰባ ሊቀመንበር ሆና ተመረጠች። ቁልፉ ከዚያ ኪስ ወጥቶ እጇ ሲገባ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የውሃው ተራ በድምፅ ተወሰነ። ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጠዋት ፓምፑ ለላይኞቹ ይሠራል፣ የምድር ቤቱና የግቢው ቧንቧ ያኔ ይዘጋል፤ ተራቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ፍትሐዊም ነው። ለምን ከታች ወደ ላይ እንዳልሆነ ግን የጠየቃት የለም፤ ብትጠየቅም የምትመልሰውን ታውቀዋለች።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ሾፌሩ የዕረፍት ቀኑ ነበርና እሱ ከፈተ። ጋሽ ማይክ ነው። ፊቱ ላይ ሳሙና እንደደረቀ፣ እያለከለከ፣ ድስት ይዞ ቆሟል። ጀሪካን ኖሮት አያውቅማ!

«ልጄ...» አለ ከሾፌሩ ትከሻ በላይ እሷን እያየ። «ውሃ አለ?»

«አለ» አለችው፤ ጠበቅ አድርጋ።

ድስቱን ተቀበለችና እስከ አፍ ገደፉ ሞላችው። ጠብታ እንኳ የምትጨምርበት ቦታ እስኪያጣ ሞላችውና በሁለት እጇ መልሳ አስታቀፈችው። ሰውዬው አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሲያሳርፍ ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። ሾፌሩ አዘነለት መሰለኝ፣ ሊያግዘው ሲንቀሳቀስ የሸሚዙን እጅጌ ያዘችው።

«ተው። የሳቀ ይሸከማል።»

ቆመው አዳመጡ። ሦስተኛ ፎቅ ጠብ፣ ሁለተኛ ፎቅ ጠብ ጠብ። ያን ጊዜ የደረጃውን መደገፊያ ያዘችና ወደ ታች ጎንበስ አለች።

«ጋሼ!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። «ደረጃ ላይ ውሃ ያፈሰሰ ይወለውላል። ደንብ ነው። ላንብብልዎ?»