ሺጌኖ ጣሪያዋን ትታ የሄደች ጊዜ

እኛ መንደር በበረዶ ወራት ቤቱን ዘግቶ መንገድ የሚሄድ ሰው የለም። እብደት ነው! ሳምንት ዞር ብትሉ በረዶው ጣሪያው ላይ በሰው ቁመት ይቆለላል፤ አሮጌ ቤት ከሆነ ድርምስ ይላል። የሺጌኖ ቤት ደግሞ አያቷ የሠሩት ነው።

ሺጌኖ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለተማሪ ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል የኖረች፣ አንድም ቀን ሰው አስቸግራ የማታውቅ ሴት ናት። ይሄ አላስቸግርም ማለቷ ነው እንግዲህ ጉድ ሊሠራት የነበረው።

በታኅሣሥ ከፉሳኤ ደብዳቤ መጣላት። ፉሳኤ እዚያው ወጥ ቤት ከጎኗ ቆማ ጎመን ስትከትፍ የኖረች ጓደኛዋ ናት፤ ባሏ ሲሞት ልጇ ኦኪ ደሴት ወሰደቻት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ወጥቷል። «ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሙ በረዶው እስኪቀልጥ ቢቆይልሽ ነው አለኝ። የምትመጪ ከሆነ ገና ፊትሽን ማየት እየቻልኩ ነይ።»

በቃ! ሺጌኖ ያን የባቡሮች መነሻና መድረሻ ሰዓት የተጻፈበትን ወፍራም መጽሐፍ ገዛች። እግሯን ብርድ ልብስ ከለበሰው የማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር ከታ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ቶኪዮን ላትነካ ምላለች፤ አንዴ እዚያ ጣቢያ ውስጥ መውጫው ጠፍቷት ሁለት ሰዓት ስትዞር ነበር። ስለዚህ ባሕሩን ዳር ዳሩን፣ በትንንሾቹ ባቡሮች፤ ኒጋታ፣ ቶያማ፣ አንድ አዳር ፍል ውሃ ያለበት ከተማ፣ ከዚያ ቶቶሪ፣ ከዚያ መርከብ። ማዕበል ቢነሳ ብላ አንድ ትርፍ ቀን ያዘች። ወረቀቱ ላይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

ጣሪያውስ? ለጎረቤት ብትናገር ይጠርጉላታል፣ እሱ አያጠያይቅም። እሷ ግን ያን ሁሉ ሽማግሌ መሰላል ላይ ሰቅላ ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አሳፈራት። እናም በረዶው ጋብ ሲል ጠብቃ፣ ጣሪያውን እስከ ቆርቆሮው ጠርጋ፣ ሹልክ ልትል አሰበች። ሦስት ጠዋት በተከታታይ አካፋዋን ይዛ ወጣች።

በሦስተኛው ጠዋት ቶዮዞ ከሥር ጮኸ። ጎረቤቷ ነው፤ ሰማንያ አልፎታል፣ ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ሲጣራ ግን እንደ አገሩ ወግ «ሳን» ብሎ አክብሮ ነው።

«ሺጌኖ ሳን! ምኑን ነው የምትጠርጊው? ቀለሙን?»

«ትንሽ በረዶ አለ እኮ፣ ቶዮዞ ሳን።»

«እሱን ድመት በጭራዋ ትጠርገዋለች! ልትጠፊ ነው አይደል? ባዶ ጣሪያ የሚጠርግ ሰው የሚሄድበት አለው።»

ሺጌኖ ልትመልስ ዞር ስትል እግሯ ከዳት። መሰላሉን ባትይዝ አልቆላት ነበር። ወረደችና ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው። ቶዮዞ አንብቦ ደብዳቤውን አጥፎ መለሰላት።

«ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም» አለች።

«ወድቀሽ ብትሞችስ? በዚህ ብርድ ጥቁር ልብስ ለብሰን አስከሬንሽ ፊት ስንቆም አይቸግረንም?»

በማግስቱ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሽማግሌና አሮጊት የጉዞ ወረቀቷን ከበው ተቀመጡ። ባለሱቋ ኢኩኮ ጣቷን ቀሰረች፦ «አራት ደቂቃ? በአራት ደቂቃ ባቡር ልትቀይሪ? አንቺ በአራት ደቂቃ ጫማሽንም አታስሪ!» ሌላው ትርፉ ቀን አንድ ብቻ መሆኑን አይቶ ሳቀ፦ «የየካቲት ባሕር ለአንቺ ብሎ በአንድ ቀን ሊረጋ ነው?» ቶዮዞ በየትኛው ቀን ማን እንደሚጠርግ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከዚያ ፈረደ።

«ስጦታ ይዘሽ እንዳትመጪ። ከያዝሽ በረዶውን መልሰን እንጭንብሻለን።»

እኛ ዘንድ ከመንገድ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነው፤ ምን ያህል እንዳቀለለላት አስቡት! ሺጌኖ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደችላቸው። ቀና ማለት አቃታት።

«ተነሺ እንጂ፣ ምንጣፉ ራሰ» አለች ኢኩኮ፣ የራሷን ዓይን እየጠረገች።

ሄደች። ባሕሩ ከመስኮቱ ሥር እያገሳ፣ ዓሣ አጥማጆች በየጣቢያው እየወጡ እየወረዱ፣ ወደቡ ደረሰች። ማዕበል ነው፤ መርከብ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን! ሳትነግራቸው ሹልክ ብላ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ጣሪያዬ ብላ ትመለስ ነበር። ስልክ ደወለች።

«ጣሪያሽ ከኔ ራስ ይበልጥ መላጣ ነው» አለ ቶዮዞ። «አርፈሽ ጠብቂ። በረዶ ለኛ አዲስ ነው እንዴ?»

በአራተኛው ቀን መርከቡ ተነሳ። ፉሳኤ ወደቡ ላይ የልጇን ክንድ ይዛ ቆማለች፣ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የምታየው። ሺጌኖ ስሟን ጠራቻት። ፉሳኤ በሁለት እጇ የሺጌኖን ጉንጮች ያዘችና ብርሃን ወዳለበት አዞረቻት፤ አንድ ስንዝር እስኪቀር ተጠጋች።

«አርጅተሻል!»

«አንቺስ?»

«እኔ መስታወት አይታየኝም፣ አላረጀሁም።»

ሳቁ። ከዚያ ፉሳኤ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ። ነፋሱ የሺጌኖን ሻርፕ ይጎትታል። ሺጌኖ ፈቀቅ አላለችም። ጓደኛዋ እስክትጠግብ ቆመችላት።