በረንዳ ላይ ማደር ያስቀጣል

ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለው መንገዳችን ስታልፍ፣ እኔ ለሽያጭ የማወጣውን ብርድ ልብስ ከሱቄ ደጃፍ እያራገፍኩ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ በሱቅ በረንዳ፣ በመናኸሪያና በአጥር ሥር ማደር ያስቀጣል! በደጃፉ ሰው ያሳደረም ይቀጣል!» ይላል ማጉያውን የያዘው ሰው፤ ከዚያ ዘፈን ይለቃል። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሰው መተኛቱ ጥፋት ይሆናል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ የቀለደ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ሐጂ ግን አልሳቁም። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ሞጣ ነግደው ያለፉ። ብዙ ሹም ሲመጣና ሲሄድ አይተዋል።

«ልጄ፣ እኒህ ሰዎች የምራቸውን ነው» አሉኝ። «እማማን ምን ልታደርጊ ነው?»

እማማ የምንላቸው በእኔ በረንዳ የሚያድሩትን ሴት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቤት አገልግለው፣ የእመቤታቸውን ልጆች አዝለው አሳድገዋል፤ እመቤቲቱ ስትሞት ልጆቹ ቤቱን ሸጠው ተካፈሉ። ገዢው መጥቶ ቁልፍ ሲቀይር እማማ ከነኩርቱ ፌስታላቸው ደጅ ቀሩ። ካሳደጓቸው ልጆች አንዱም «የእማማስ ነገር?» አላለም። ቤቴ ይግቡ ብዬ ብዙ ለምኛለሁ። «ተይኝ ልጄ፣ ሰው ቤት መኖር በቅቶኛል» ብለው እምቢ አሉ። ማታ ሱቄን ስዘጋ ካርቶናቸውን ያነጥፋሉ፤ ጠዋት ስመጣ በረንዳው ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ከእሳቸው ፈንጠር ብሎ ደግሞ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ሰውዬ ያድር ነበር። እሱ ብዙም አያወራም። ሰላምታ ስሰጠው ግን ሁልጊዜ ሊነሳልኝ ይሞክር ነበር።

ማጉያው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ስመጣ ሱቄ ታሽጓል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በበሩ ላይ ተለጥፏል። እማማ የሉም። ሰውዬውም የለም።

ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይጠብቁኛል። «ከመስጊድ ስመለስ ጭነት መኪና ላይ ሲያወጧቸው ደረስኩ» አሉኝ። «ምን አጠፉ ብላቸው፣ ‹አንተ ሽማግሌ፣ አርፈህ ቤትህ ግባ› አለኝ አንዱ ደንብ አስከባሪ። የልጅ ልጄ የሚሆን ልጅ! የሴትዮዋን ብርድ ልብስ ከላያቸው ገፎ ቆሻሻ ጋሪ ላይ ወረወረው።»

ያን ዕለት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱኝ ዋሉ። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚነግረኝ ጠፋ፤ ሁሉም «ከበላይ ነው» ይላል። በመጨረሻ አንድ ወጣት ኃላፊ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ የከተማ ገጽታ የሚባል ነገር አለ» አለኝ። «ኢንቨስተር መጥቶ በረንዳ ላይ የተጋደመ ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ምን እንደሚል እኔ እንጃ። ሴትዮዋን የት ወሰዳችኋቸው?»

«ወደ ቤተሰቦቻቸው ተሸኝተዋል።»

«ቤተሰብ የላቸውም!»

«ቤተሰብ የሌለው ሰው የለም» አለኝ፣ ስልኩን እየነካካ።

ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። እኔ ቢሮ ገብቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ። «አንተስ ማታ የት ነው የምትተኛው? ቤት ባይኖርህ እንቅልፍ አይወስድህም?» እያልኩ ስጮህ ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

እውነቱን የነገረን የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። የሐጂን ጨርቅ የሚያመላልስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቀና ብሎ ሊያየን እንኳ አልቻለም። «ቢቸና መግቢያ ላይ አውርደህ ተመለስ ተባልኩ፣ አወረድኩ» አለ።

ቢቸና እኔ የተወለድኩባት ከተማ ናት፤ እህቴ እስካሁን እዚያው ነው የምትኖረው። ወዲያው ልሄድ ብነሳ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። የእህቴም ስልክ አይሠራም። መንገዱ የተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እንደደረስኩ ከእህቴ ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ፣ ገበያውን፣ መናኸሪያውን አዳረስን። እማማን ያገኘናቸው ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እኔን ሲያዩ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡኝ።

«ሱቅሽን ጥለሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ሱቁ ታሽጓል፣ እማማ።»

«በእኔ ምክንያት?»

«በእርስዎ አይደለም። በእነሱ ነው!»

«እዚህም በማጉያ ሲናገሩ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ከዚህ ሲያነሱኝ ወዴት ይወስዱኝ ይሆን? መልሰው ሞጣ?»

የጠየቁት ከልባቸው ነው። እህቴ ፊቷን አዞረች። እኔ እዚያ ጎዳና ላይ ቆሜ የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

«ሰውዬውስ?» አልኳቸው።

«አንድ ላይ ነው ያወረዱን። እሱ መሄድ አቅቶት መንገድ ዳር ቀረ። የሚያነሳው ሰው ልጥራ ብዬ ሄጄ ስመለስ አጣሁት።»

እህቴ ከጓሮዋ አንዲት ክፍል አለቻት። እማማ ቆመው አዩዋትና፣ «በሩን ከውስጥ እኔ የምቆልፈው ከሆነ እገባለሁ፤ ሥራ ግን አልሠራም» አሉ። እህቴ ቁልፉን አውጥታ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

ሞጣ ስመለስ ስለ ደንቡ ሕዝቡን ለማወያየት ስብሰባ ተጠርቶ ደረስኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያዳምጣል። ያ ወጣት ኃላፊ ስለ ገጽታና ስለ ጸጥታ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ አስተማሪ ተነሳ። «የቤት ኪራዬ በጨመረ ቁጥር ወደዚያ በረንዳ እየተጠጋሁ ነው» አለ። «እኔንም ስትጭኑኝ ወዴት እንደምትወስዱኝ ከአሁኑ ንገሩኝ።» አንዲት እናት ደግሞ፣ «ልጄ መንገድ ተዘግቶበት መናኸሪያ ቢያድር ልትቀጡት ነው?» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ተንጫጫ።

«ስሜታዊ አንሁን» አለ ኃላፊው።

ሐጂ በዘንጋቸው ወለሉን መቱ። «እንሆናለን እንጂ! አያትህን የምታህል ሴት እንደ ማገዶ ጭነህ ሜዳ ላይ ስትጥል እኛ ስሜታዊ የማንሆን ከምን የተሠራን መስለንህ ነው?»

እኔም ተነስቼ ቢቸና ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ።

በማግስቱ በእኛ መስመር አንድም ሱቅ ሳይከፈት ዋለ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ከበሬ ላይ ወረቀቱን ቀደደና ሄደ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ባጃጇም መዞር አቆመች። ደንቡ ግን ተሽሯል ሲባል አልሰማሁም፤ የሱቄ አከራይም ፈርቶ በረንዳው ላይ ሹል ድንጋይ በሲሚንቶ አስተከለ። ተጣላን። እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

እማማ ደህና ናቸው፤ ጓሮው ውስጥ ጎመን ተክለዋል አለችኝ እህቴ። ያን እግሩ የማይታዘዝለትን ሰው ግን በቢቸናም፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ከተሞችም ሰው ልኬ አስፈልጌ አላገኘሁትም። የጫኑት እነሱ ናቸውና እነሱን እጠይቃለሁ። የዚያ ወጣት ኃላፊ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ እሱ በጓሮ በር ይወጣል። አሁን በጓሮ በኩል ሄጄ ነው የምጠብቀው።