የዳሂር እፍታ

የአክስቴ ባል ዳሂር በየጠዋቱ የድሮ የጌም ካሴቶቹን አንድ በአንድ አንስቶ አፋቸው ላይ እፍ ይላል። ጌም ቤት በነበረው ዘመን የድሬ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ካሴት እምቢ ካለ ይነፋል።

ጌም ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አንድ ሕልም ብቻ ቀረው፤ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ሙዚየም መክፈት። ከዚራ ሰፈር አሮጌ ቪላ ያላቸው ወይዘሮ ሉብና ሳሎናቸውን ሊሰጡት ፈቀዱ፤ ግን በቅድሚያ ጌሞቹ ሲሠሩ ማየት ፈለጉ።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። አርባ ካሴት ሞከረ። ቴሌቪዥኑ ተንሿሿ እንጂ አንድም ጌም አልመጣም።

“ኧረ አቦ ዳሂር፣ ሙዚየም ብለህ ሬሳ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?” አሉ ወይዘሮ ሉብና።

የተጠራው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አንዱን ካሴት ፈቶ ብረቱን አየና፣ “በትንፋሽ ብዛት ዝጓል” አለ። ሳሎኑ ለልብስ ሰፊ ተሰጠ።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው ዳሂር አልከለከለኝም። “ዝገቱንም ጻፊው። የኪንሲን ነገር ብቻ ተዪልኝ” አለኝ።

ኪንሲ ሟች አክስቴ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት፣ “እፍ አትበለው፣ ምራቅህ ያዝገዋል፤ በጨርቅ ጥረገው” ብላው ነበር። እሱ ግን፣ “ሴት ስለ ጌም ምን ታውቃለች?” ብሎ ጌም ቤት ሙሉ ሰው አሳቀባት።