ለደካማ የሚታጨድበት ቀን

በደብራችን በጊዮርጊስ ቀን ሞፈር አይነካም፣ ማጭድም አይነሣም። ቀኑን የሻረ ሰው በረዶ የሚያስወርደው በራሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ያስመታል ይባላል። አንድ ሥራ ግን ይፈቀዳል። ከቅዳሴ በኋላ ጎልማሶቹ ተሰባስበው ወደ አንድ አቅመ ደካማ ማሳ ይወርዱና ያርሱለታል፣ ያጭዱለታል። ለራስ ሲሆን ኃጢአት የሆነው ሥራ ለሌላው ሲሆን ጽድቅ ነው። የሚሠራለት ሰው ምንም አያዘጋጅም፤ ጠላውንም ቆሎውንም ሠራተኞቹ ይዘው ይመጣሉ።

እኔ ይህን ሥራ እወደው ነበር። ማንኩሳ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ከባለቤቴ ጋር ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የአባቴ መሬት ተመለስን። በበዓል ቀን ከወንዙ ማዶ ላለ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ስናጭድ ድካም የሚባል አይሰማኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌው ማሳው ዳር ተቀምጦ ፊቱን ወደ ድምፃችን ሲያዞር ልቤ በራሴ ይኮራ ነበር። እሱ ምን እንደሚሰማው አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው፤ በስልክ «መሬቱን ይተዉትና ይምጡ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ከሰው ጋር የሚያገናኘኝ ሥራ ብቻ ነው። አዳም በወዙ እንዲበላ የተፈረደበትን እኔ እንደ ፍርድ ቆጥሬው አላውቅም። ወንፈል ገብቼ፣ ዛሬ እኔ ላንተ ነገ አንተ ለእኔ ስንባባል፣ ሰው መሆኔ ይታወቀኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ጭቃ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ ሲሰበር ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ወንፈሉ ነበር።

ጤፉ ደረሰ። ወጌሻው ያሰረልኝን እጅ ጋቢ ውስጥ ደብቄ ወደ አጥር ጎረቤቴ ሄድሁ።

«ማክሰኞ እጨዱልኝ፤ እኔ በውቂያው ጊዜ እመልሳለሁ» አልሁት።

ጋቢዬን አየና ዐይኑን ወደ በሬዎቹ መለሰ።

«እርስዎ ምን ቸገረዎ፣ ጋሼ። እኛ አለን አይደል» አለኝ።

ማክሰኞ ማንም አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሰማዩ ደመነ፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከጣለ የደረሰ ጤፍ ይረግፋል። በግራ እጄ ሞከርሁ፤ አንድ ነዶ ሳልሞላ ወገቤ ከዳኝ። ረስተውኛል ብዬ አመንሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ የከፋኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ሐሙስ ጊዮርጊስ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የባለቤቴ መቃብር ዘንድ ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ከማሳዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎልማሶች ተሰልፈው ጤፌን ያጭዳሉ። ከግራሩ ሥር ጠላ የሞላ ጀሪካን ተቀምጧል። እነሱ ያመጡት ጠላ ነው።

ያኔ ገባኝ። ማክሰኞ ቢመጡ ወንፈል ነበር፤ ውለታውን በጉልበቴ እመልስ ነበር። እነሱ ጉልበቴን አይተው ጊዮርጊስን ጠበቁልኝ። ደግነት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ተናደድሁ። ማጭዴን በግራ እጄ ይዤ ወደ ሰልፉ ገባሁ።

ነዶ ያስሩ የነበሩት የንስሐ አባቴ ቀና ብለው መንገዴን ዘጉ።

«ልጄ፣ ለእነሱ ይፈቀዳል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ላንተ ግን የራስህ ማሳ ነው፤ በዓል ትሽራለህ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ተቀመጥና መርቃቸው።»

ተቀመጥሁ። ጎረቤቴ ጠላ ቀድቶ በራሴ ማሳ ላይ እንደ እንግዳ አቀረበልኝ። ተቀበልሁት። «እጃችሁን ይባርክ፣ ደጅ ከመጥናት ይሰውራችሁ» ብዬ መረቅሁ። «አሜን» ብለው አጎነበሱ። በማሳው ላይ ሥራ የፈታሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ጤፉ ሳይረግፍ ተከመረ። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የወንፈል ሰው በየቤቱ እየጠራ በደጄ አለፈ። ቆም ብሎ «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ» አለኝ፤ እጄንም ጠየቀኝ። ይምጡ ግን አላለኝም።